የሱፍ ማሳው ጠባቂ

ሱዓድ ወደምትሠራበት ፋብሪካ ስትሄድ በየቀኑ የምታልፈው ኮምቦልቻ ዳር ባለ የሱፍ ማሳ ነው። ማሳውን የሚጠብቁትን ሽማግሌ ስማቸውን አታውቅም፤ የምታውቀው ጅራፋቸውን ነው። ሱፉን የሚለቅመውን ወፍ በወንጭፍ ይጥሉና አንገቱን ቆልምመው አጥሩ ላይ ይሰቅሉታል። ለሰላምታ እንኳ ፊታቸው አይፈታም።

አበባው ለጋ ሳለ ከፀሐይ ጋር ሲዞር፣ እሳቸውም መቀመጫ ድንጋያቸውን እየጎተቱ አብረውት ይዞሩ ነበር። ከፈካ ወዲህ ግን ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ባቲ አድርጎ ቀጥ ብሏል፤ እሳቸውም እንደዚያው። የጠዋት ፀሐይ ሲያሞቀው ንቡ ይወርድበታል። ያ የወፍ አንገት የሚቆለምም እጅ፣ ንብ ስታርፍበት ቀስ ብሎ አበባ ላይ ይመልሳታል።

ዛሬ ሱዓድ ለከሰዓት ፈረቃ በቀትር ስታልፍ፣ የማሳው ባለቤት የላከው ሰውዬ የተባይ መርዝ አዝሎ አበባው ላይ ይረጫል። ሽማግሌው ደረሱበት። ጅራፉ ጮኸ፤ ሰውየው ፊቱ ተተልትሎ ወደቀ። ደገሙት።

«ወላሂ እገድልሃለሁ! ንቡ ቀፎው ሲገባ፣ አመሻሽ ላይ እርጭ አላልኩህም?»

«ኧረ አባባ፣ በአላህ ይተዉት!» ሱዓድ ክንዳቸው ላይ ተንጠለጠለች። «ለንብ ብለው ሰው ይገድላሉ?»

ዙሪያቸውን አዩ። ንቦቹ መሬት ላይ እየተንፈራገጡ ነው። ጅራፉ ከእጃቸው ወደቀ። ተንበረከኩና የሰውየውን ደም በሽርጣቸው ጫፍ ይጠርጉለት ጀመር።

«ልጆቼንም የፈጁብኝ እንዲህ በቀትር ነው» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ሦስቱንም፣ አጨዳ ላይ ሳሉ።»