አክሮባት ምን ማለት ነው

ታላቅ እህቴ ሰርከስ የጀመረችው በከተማችን ሲቀላ ሰፈር ውስጥ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ግቢ ነው። እኔ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጥሩን ተደግፌ ልምምዳቸውን አያለሁ። ሰው በሰው ላይ ሲቆም፣ ቀላል ስለሆነች ከሁሉም በላይ የምትወጣው እሷ ነበረች። ቲሸርታቸው ጀርባ ላይ «አክሮባት» የሚል ጽሑፍ ነበር።

አባታችን ከደጋው ከገረሴ ወርዶ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለማ ሰው ነበር። ሰርከሱን አልወደደውም፤ ግን አልከለከላትም። አንድ ቀን ቲሸርቱን ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየውና ፊደሎቹን አንድ በአንድ አነበበ።

«ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ሰርከስ የሚሠራ ሰው ማለት ነው፣ አባባ።»

«እሱንማ አይቻለሁ። ቃሉን ነው የጠየቅኩሽ።»

አላወቀችም። አሰልጣኟን ብትጠይቀው እሱም አላወቀም። «የፈረንጅ ቃል ነው፤ የሚገለባበጥ ማለት ይመስለኛል» አላት። አባባ ይህን ሲሰማ «መገለባበጥም ስም ወጣለት» ብሎ ወደ ሙዙ ሄደ።

የወደቀችው ትርኢት ላይ አልነበረም። ተመልካች በሌለበት፣ በልምምድ ሰዓት፣ ከታች ከተሸከሟት ልጆች የአንዱ ጉልበት ከዳው። ፍራሹ ትንሽ ራቅ ብሎ ነበር። አልጮኸችም። ሰዎች ሲሯሯጡ እኔ ግቢው ውስጥ ገብቼ ነጠላ ጫማዋን አነሳሁ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ነገር ካለ አላስታውሰውም። ጫማውን ይዤ እስከ ሆስፒታል ተከተልኳቸው።

ዳሌዋ ተሰብሮ ነበር። አባባ ከእርሻ እንደመጣ፣ እጁ ላይ የሙዝ ውኃ ደርቆ ጠቁሮ፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ቆመ።

«ሥራዋ ምንድን ነው?» አለ መዝጋቢው።

«አክሮባት።»

መዝጋቢው ቀና አለ። «ተማሪ ብዬ ልጻፈው፣ አባቴ?»

«እንዳልኩህ ጻፈው።»

እህቴ ቃሬዛ ላይ ሆና ሰማችው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲያ ሰርከስ አልሠራችም። አጥንቱ ገጠመ፤ አንዱ እግሯ ግን አጥሮ ቀረ። ቡድኑም ቀስ በቀስ ተበተነ። አባባ እኔ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ታሞ ሞተ። የቀብሩ ዕለት ለለቀስተኛው ውኃ ሳቀርብ ዋልኩ፤ ሰው «ጠንካራ ልጅ ነሽ» አለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ የቋንቋ መምህር ስለ ቃላት አመጣጥ ሲያስተምረን እጄን አወጣሁና ስለ አክሮባት ጠየቅኩት። ቃሉ ከግሪክ የመጣ መሆኑን ነገረኝ፤ ግማሹ ጫፍ፣ ግማሹ መሄድ። በጣቱ ጫፍ የሚራመድ፣ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚሄድ ማለት ነው አለን። ሌሎቹ ጻፉት። እኔ አልጻፍኩም።

ቅዳሜ እህቴ ጋ ሄድኩ። ከጫሞ ሐይቅ የሚመጣ አሳ እየተረከበች ትሸጥ ነበር። ነገርኳት። ቢላዋዋ ሳይቆም አዳመጠችኝ።

«ስለ መውደቅ አይልም?» አለች።

«አይልም።»

«እሺ።»

ሌላ አሳ አነሳችና፣ «አባባ ቢሰማው ደስ ይለው ነበር» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት መጥታ አጥንቱ የወጣለት ፊሌቶ ጠየቀች። እህቴ እያነከሰች ወደ ሚዛኑ ሄደች፤ እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ የቀረውን አሳ ማጠብ ጀመርኩ።