ማስመሪያውን ይዤ የሸሸሁበት ክረምት

ወልድያ በሚገኘው ግቢዬ የሚዘንበውን ዝናብ ስለካ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያዘዘኝ የለም፤ ሲሪንቃ የእርሻ ምርምር ማዕከል ያሉት ባለሙያዎች ከእኔ የተሻለ መሣሪያ አላቸው። የእኔ አንድ ጣሳ፣ የተማሪ ማስመሪያና ደብተር ነው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ማስመሪያውን ጣሳው ውስጥ አቆማለሁ፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ፣ ውኃውን እደፋለሁ። በዚህ ሰበብ ያረፈድኩበት ሰርግና ቀብር ብዙ ነው። ገበያ ላይ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴና የልጅነት ጓደኛዬ፣ «ይሄ ሰውዬ ባይዘንብም ለክቶ ነው የሚመጣው» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። ልክ ነው፤ ዜሮም ይጻፋል።

ጦርነቱ ሲቃረብ እኔ ወደ ደሴ ለመውጣት ተነሣሁ። እሱ ግን እናቱን ትቶ የት ይሄዳል? ለእናቱ በምርኩዝም ቢሆን ከቤት ደጅ መውጣት ጭንቃቸው ነበር። ጣሳውንና ደብተሩን በሩ ላይ አስረከብኩትና «በሦስት ሰዓት ነው፣ እንዳትረሳ» ብዬው ሄድኩ። ስለ እናቱ አንድ ቃል አልጠየቅሁም። ይህ የታወሰኝ መንገድ ላይ፣ ውርጌሳ ከተማን ሳልፍ ነው። ቦርሳዬን ስከፍት ደግሞ ማስመሪያው ከሁለት ሱሪዎቼ መሃል ተጋድሟል።

ስልክ ተቋርጦ ወራት አለፉ። ከወልድያ በእግሩ የመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ እናትና ልጁ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ የለም። ስለ ወዳጅነት ያነበብኩት መጽሐፍ ሁሉ በር ላይ ቆሜ «እናትህስ?» እንድል አላደረገኝም።

መንገድ ሲከፈት በማለዳ ገባሁ። ቤቴን ሳላይ ወደ እሱ ሄድኩ። ከስቷል። ተቃቅፈን ቆየን።

«እናትህስ?» አልኩት።

«አልሐምዱሊላህ፣ ውስጥ አለች። ጥያቄህ አራት ወር ዘገየ እንጂ ጥሩ ነው።»

ደብተሩን አመጣልኝ። ቀን በቀን ተጽፏል፤ ቁጥር ግን የለውም። «እስከ ጥፍር።» «እስከ አንደኛው አንጓ።» «ምንም።»

«ማስመሪያውን ይዘህብን ሄድክ፤ በጣት ለካነው» አለኝ።

«ጣትህን አምጣ፣ ልለካውና ወደ ሚሊሜትር ልቀይረው።»

«የእኔ አይደለም። ያኔ ወንድ ደጅ መታየት አልነበረበትም። እናቴ ናት በምርኩዟ እየወጣች ጣቷን የምትነክረው፤ እኔ በመስኮት የምትለኝን እጽፋለሁ።»

ገብቼ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ።

«መጣህ ልጄ? አብሽር። ይቆጣል ብዬ አንድ ቀን አላሳለፍኩብህም።»

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ጣትዎን ይስጡኝ።»

ሰጡኝ። ቁርጥማት ያጎበጠው ጣት ማስመሪያው ላይ አልዘረጋ አለ።

«ትንሽ ቀና ያድርጉልኝ።»

«አይቀናም። እንዲሁ ጻፈው።»

ማስመሪያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ፤ እጃቸውን ግን አልለቀቅሁም። ስለ ወገባቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው፣ ምን ሲበሉ እንደ ከረሙ ጠየቅኋቸው። ረጅም መልስ ነበራቸው።

«ሦስት ሰዓት አለፈህ» አለ ጓደኛዬ ከበሩ።

«ይለፍ» አልኩት።