ጋሪ ሲይዝ የሚድን እግር

አባቴ ከሲኤምሲ ቤታችን ታክሲ መያዣው ለመድረስ ሦስት ጊዜ ያርፍ ነበር። ትንሽ እንደሄደ ሁለቱንም ባቶቹን ያደነዝዘዋል፣ ያቃጥለዋል። ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ደም ሥራቸው ተዘግቶ እግራቸው ከተቆረጠ ወዲህ፣ የእሱም መጨረሻ ያው እንደሆነ ደምድሞ ተቀምጧል። አዲስ ጫማ ልግዛልህ ስለው፣ «ለየትኛው እግሬ?» አለኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቦሌ ሱፐርማርኬት ስወስደው ግን ሌላ ሰው ይሆናል። የዕቃውን ጋሪ በክርኑ ተደግፎ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ሲዘዋወር የሚደክመው እኔን ነው። እናቴ፣ «ሥራ ሲጠሩት ያነክሳል፣ ብስኩት ሲያይ ይሮጣል» ትለዋለች። እኔም አልማርኩትም፤ ስቄበታለሁ። እሱ ጋሪውን እየገፋ ይሄዳል።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ወጣት ናት።

«አባባ፣ የሚብስብዎት ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት?»

«ቁልቁለት።»

«ዳገት ማለቱ ነው» አልኩ። ዞራ እንኳ አላየችኝም።

«ሲያምዎት ቆም ማለት ብቻ ይበቃዎታል?»

«አይበቃኝም። መቀመጥ አለብኝ፣ ወይ ጎንበስ ማለት። ቅዳሴ ላይ መቋሚያዬን ተደግፌ ስቆም ግን ደህና ነኝ።»

ይኼኔ የጋሪውን ነገር እንደ ክስ አቀረብኩላት። ሳቀች።

«እውነታቸውን ነው። ጎንበስ ሲሉ ወገባቸው ውስጥ የጠበበው የነርቭ መተላለፊያ ሰፋ ይላል። የደም ሥር ቢሆን ጋሪ አያታልለውም፤ ዳገቱም ይብስባቸው ነበር፣ ቆም ሲሉም ይተዋቸው ነበር።»

ካልሲውን አስወልቃ የሁለቱንም እግር ትርታ ፈለገች፣ የቁርጭምጭሚቱንም የደም ግፊት ለካች። ከዚያ የራሱን ጣት ይዛ እግሩ ጀርባ ላይ አኖረችለት። ትር፣ ትር ይላል። ወገቡን በምስል ለማየት ሌላ ቀን ቀጠረችን፤ ምስሉም ኋላ ያንኑ ነው ያረጋገጠው።

«ታዲያ አትቆርጡትም?» አላት አባቴ።

«ምኑን?» አለች። ሐሳቡም አልመጣላትም።

ስንወጣ በደስታዬ ውስጥ እፍረቱ አላስቀምጥ አለኝ፤ ያን ሁሉ ቅዳሜ እውነቱን ሲያሳየኝ ከርሞ እኔ እስቅ ነበር። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ጫማ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ።

«ያን ጫማ አሁን ግዢልኝ።»

«ለየትኛው እግርህ?»

«ለሁለቱም» አለና ቀድሞኝ ገባ። ሻጩ ልኩን እስኪፈልግ፣ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ጣቱን እግሩ ጀርባ ላይ አድርጎ ትርታውን ይቆጥር ነበር።