ለብቸኛ ሰው የሚሆን ሽጉጥ

ሽጉጥ ልግዛ ያልኩት ከእኛ ሰፈር በታች ሌባ በገባ ማግስት ነው። የገቡት ብቻዋን ከምትኖር ሴት ቤት ነበር። በሩን ገንጥለው፣ እሷን አስረው፣ ያላትን ለቃቅመው ሄዱ። ሰፈርተኛው ጩኸቷን ሰምቶ ዱላ ዱላውን ይዞ ወጥቷል። እኔ ወሬውን ያገኘሁት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። «አንተ የት ነበርህ?» ሲሉኝ አፈርኩ። «ተኝቼ» አልኩ። እውነቴንም ነው።

ባሕር ዳር ያለችው ልጄ ይህን ሰማችና ደወለች። «አባዬ፣ ቤቱን አከራይና ከእኔ ዘንድ ና። አንድ ቀን ብቻህን ይገድሉሃል» አለች። ይህን ቤት ከጃናሞራ ወደ ጎንደር ስንመጣ እኔና እናቷ ነን ጭቃውን ረግጠን የሠራነው። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏል። የልጄም ቤት ቢሆን፣ ጥግ ይዤ ምሳ እስኪቀርብልኝ የምጠብቅ ሰው መሆን አልፈልግም። «ሽጉጥ ገዝቼ እዚሁ እኖራለሁ» አልኳት። «ካልገዛህስ?» አለች። «ያን ጊዜ እመጣለሁ» ብዬ ቃል ሰጠኋት።

ምነው ውሻ አትይዝም የሚለኝ ይኖራል። ነበረኝ። ሚስቴ ከሞተች በኋላ መጮህ ተወ። ሰው ሲያልፍ ዝም፣ ጅብ ሲመጣ ዝም። የማይጮህ ውሻ ምን ያደርግልኛል ብዬ ደባርቅ ላለ ዘመዴ ሰጠሁት።

እኔ የረጅም መሣሪያ ሰው ነኝ። አገሬ ሳለሁ ምንሽር ነበረኝ። ነገር ግን ረጅም መሣሪያ የሜዳ ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ በጨለማ ስታዞረው አፈሙዙ ከምሰሶው ይጋጫል። ስለዚህ ሳንጃ በኩል ሚሊሻ የሆነውን የእህቴን ልጅ አማከርኩት። እሱም የራሱንና የጓደኛውን፣ ፈቃድ ያላቸው ሁለት ሽጉጦች ይዞ መጣ። «አያ፣ የወደድከውን ምረጥ። ከዚያ ቢሮ ሄደን በስምህ እናዛውረዋለን» አለኝ።

ጎረቤቴም አብሮት ገባ። ሐጂ ነው የምንለው፤ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፣ አሁን ሱቁን ለልጆቹ ትቷል። ቤቴን ከሠራሁ ጀምሮ አጥር ተጋርተን ኖረናል። ካለፈው ረመዳን ወዲህ ግን ደጄን አልረገጠም። ምን አደረግኩት ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር። የዚያን ቀን የእህቴን ልጅ መንገድ ላይ አግኝቶ ተከትሎት መጣ እንጂ እኔ አልጠራሁትም።

የእህቴ ልጅ ጋቢዬን ከደጅ መደቡ ላይ አነጠፈና ሁለቱን አስቀመጠ። የጥይት ካርታቸውን አውልቆ፣ ውስጣቸውን ከፍቶ አሳየን። ባዶ ናቸው። አንዱ የቱርክ ነው፣ የሚያብለጨልጭ፣ ብዙ ጥይት የሚጎርስ። ሌላው ራሺያ ሠራሽ ነው፤ ጥቁር፣ አጠር ያለ፣ እጀታው ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ።

«ይኼ ሸጋ ነው» አለ ሐጂ የቱርኩን እያየ። «ለሙሽራም ይሆናል።»

«አንተ ጨርቅ መስሎሃል፣ በቀለሙ የምትመርጥ» አልኩት።

እኔም የቱርኩን አነሣሁና ላቀባብል ሞከርኩ። አልንቀሳቀስ አለኝ። የእህቴ ልጅ እጁን ሲዘረጋ «ተው» አልኩት። እንደገና ስስበው አመለጠኝና አውራ ጣቴን ነከሰኝ።

«አያ፣ ሌባው እስክታቀባብል አይጠብቅህም» አለኝ።

«ወንበር እሰጠዋለሁ» አልኩት።

ጥቁሩ ግን እሺ አለኝ። ከበድ ይላል እንጂ ተሳበልኝ። መዳፌም ውስጥ ልክ ሆነ። «ይኼ ነው የእኔ» አልኩ። ደስ አለኝ። ከእንግዲህ ከቤቴ የሚያስወጣኝ የለም ብዬ ነው።

«አንድ ነገር» አለ የእህቴ ልጅ። «ማታ ሰው ሲመጣ ቶሎ እንዳትተኩስ። የመሸበት መንገደኛ ይሆናል፣ የታመመ ጎረቤት ይሆናል። እሱ ከአጥር ይጣራል፣ አንተ ማነህ ትላለህ። ሳይጣራ የሚገባውን ነው መፍራት።»

«ይኼን ለእኔ ታስተምራለህ?» አልኩት። በእኛ አገር ከሰው ደጅ የደረሰ ከሩቅ «ቤቶች» ይላል፤ «ግቡ» ካልተባለ አይገባም። ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው።

ሐጂ ከመደቡ ተነሣ። «እንግዲያው እንሞክረዋ። አንተ ባዶውን ይዘህ ከአልጋህ ጋደም በል፤ እኔ እንግዳ ልሁን።»

«የልጅ ጨዋታ አደረጋችሁት» ብዬ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ሽጉጡን ደረቴ ላይ አድርጌ ጋደም አልኩ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። ሐጂ ሊያሾፍብኝ ነው፣ ወይም ሶላት ደርሶበት ሄዷል እያልኩ ጣራውን አያለሁ። ድንገት በሩ ተከፈተ፤ አንድ ሰው ብርሃኑን ጋርዶ ቆመ። እጄ ቀደመኝ። ምላጩን ሳብኩት። ባዶውን ሲመታ በጣቴ ተሰማኝ።

ሐጂ ነበር። መቃኑን ይዞ ያየኛል።

«ገደልከኝ» አለ። አልሳቀም።

«ሳትጣራ ምነው ገባህ?»

«ተጣርቻለሁ። ከአጥሩ ሆኜ ቤቶች አልኩ። ከግቢው መሐል ቤቶች አልኩ። በስምህ ጠራሁህ። እዚህ በሩ ሥር ቆሜ እኔ ነኝ እንዳትተኩስ አልኩህ።»

ከኋላው የቆመውን የእህቴን ልጅ አየሁት። «ብሏል አያ» አለኝ አቀርቅሮ።

ቀስ ብለህ ተጣርተህ ነው፣ በሩ ተዘግቶ ነው፣ እያልኩ ተከራከርኩ። ሐጂ መጥቶ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ፊቴ አዞረ። ፊት ለፊት ሲያናግሩኝ ደህና እሰማለሁ። ለካ አፋቸውን እያየሁ ኖሯል።

«ከረመዳን ወዲህ ስንት ጊዜ መጣሁ መሰለህ?» አለኝ። «ቤቶች እላለሁ፣ ዝም። መብራትህ በርቷል፣ ዝም። ተቀይሞኛል ብዬ ተመለስኩ፣ ከዚያም ተውኩት። የሰንበቴ ማኅበርተኞችህንም እዚሁ ደጅህ ላይ አግኝቻቸዋለሁ። የድርሻህን ዳቦ ይዘው ቢጣሩ ቢጣሩ አልከፍት አለን ብለው ሄዱ። ውሻህ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ አላስተኛ ብሎን፣ የሰጠኸው ቀን ልጆቼ አልሐምዱሊላህ አሉ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በውሻው እስቅ ነበር። እኔ እኮ ሰው ሁሉ የረሳኝ መስሎኝ፣ እኔም ተናድጄ ሰንበቴውን ትቼ፣ ደጄን ዘግቼ ከርሜያለሁ።

ሚስቴ በሕይወት ሳለች ማታ አጠገቤ ተቀምጣ በክርኗ ጎኔን ጎሸም ታደርግና «ሰው መጥቷል» ትለኝ ነበር። እኔ «ግቡ» እላለሁ። የመጣው ሰው የሰማሁት ይመስለዋል። ለእኔም የሰማሁት ይመስለኝ ነበር። እንደማልሰማ አንድ ቀን አልነገረችኝም።

ሽጉጡን መለስኩ። የእህቴ ልጅ ሊያጽናናኝ ብሎ «ሌላ እንፈልጋለን፣ ቀለል ያለ» አለ።

«ቀለል ያለውስ ወዳጅና ሌባውን ይለይልኛል?» አልኩት። ሁለቱንም ጠቅልሎ ሄደ።

ሐጂ ግን አልተነሣም። «የግቢህን ቁልፍ ስጠኝ» አለ። «ከእንግዲህ አልጣራም። ዝም ብዬ እገባለሁ።» በሕይወቴ ሳይጣራ ከቤቴ የገባ ባዕድ የለም። ሰጠሁት።

በማግስቱ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ፤ ልጄ ናት። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ከጆሮዬ ለጠፍኩት። አልገዛሁም አልኳት።

«እንግዲህ ና፤ ቃልህ ነው።»

«ቃሌን በልቻለሁ። አልመጣም።»

አለቀሰች መሰለኝ፤ በስልክ ለቅሶ አይለይልኝም።

አሁን ሐጂ ማታ ከሶላት ሲመለስ የግቢዬን በር ከውጭ በጓጉንቸር ይቆልፍብኛል፣ እንደ ዶሮ። ሌላው ቁልፍ እኔ ዘንድ አለ፤ በበሩ ቀዳዳ እጄን አውጥቼ መክፈት እችላለሁ። ፍርሃቱ አለቀቀኝም። አምፖሉን ሳላጠፋ፣ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ እተኛለሁ። ጎህ ሲቀድ ሐጂ ወደ መስጊድ ሲያልፍ ጓጉንቸሩን ይከፍትልኛል። ሲቆልፍም ሲከፍትም አልሰማው። ስነሣ ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ተንጠልጥሎ በቀዳዳው ካየሁ፣ ሰው ደጄ መጥቶ ነበር ማለት ነው።