ለትኋን የደፉት ማስረጃ

ጋራዤ ውስጥ ሃያ ሊትር ቲነር ስለተገኘ ሰባት ወር ታሰርኩ። የበደሉኝ ይህንን ነው። ቲነር ቀለም ማቅጠኛ ነው፤ እኔም ቀለም ቀቢ ነኝ። ዳቦ ቤት ገብቶ ዱቄት ተገኘ ብሎ የሚያስር ሰው ካለ የእነሱ ዘመድ ነው።

ነገሩ የቲነር እንዳልሆነ ደብረ ታቦር ሁሉ ያውቃል። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ «ልጆቻችንን ከመንገድ አፍሳችሁ የት አደረሳችኋቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የባጃጅ ጎን ስቀባ ፖሊሶች መጡ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ መርማሪው፣ ጀሪካኑን በጫማው ጫፍ እየነካ።

«ቲነር።»

«ይነድዳል ወይስ አይነድድም?»

«ይነድዳል።»

ወደ ጸሐፊው ዞረና «አምኗል፤ ጻፍ» አለ። ምርመራው ይኸው ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል ዱሮ የእህል መጋዘን ነበር። አሥራ አንድ ሰው፣ ከጣራው ሥር ሁለት መዳፍ የምታህል መስኮት፣ የላሜራ በር። ከበሩ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፤ የጉና ተራራ ብርድ በዚያ ይገባል። የግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ ትኋን ነው። አጠገቤ የሚተኙት አዛውንት የእብናት ከብት ነጋዴ ናቸው። ልጅዎን አምጡ ተብለው፣ ልጁ ሲታጣ በልጁ ፈንታ የገቡ።

አንድ ረቡዕ ከዞን ጎብኚ ይመጣል ተባለ። ጎብኚውን ትኋን እንዳይነክሰው ተፈራ። እኛን ሲበላን ስንት ጊዜው፤ ማንም አልፈራም። በእኛ አገር ትኋን በላምባ ይገደላል፤ የቆየ ልማድ ነው። ጠባቂው ግን ላምባ ፍለጋ እስከ ሱቅ መሄድ ሰነፈ። በሩን ከፍቶ ሲገባ የያዘው የእኔን ጀሪካን ነው፤ የኤግዚቢት ወረቀቱ እጀታው ላይ እንደታሰረ።

«ወንድሜ፣ እሱ ላምባ አይደለም» አልኩት።

«ሁሉም ያው ጋዝ ነው። እግርህን አንሣ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ አስወጣን።»

«አዎ፣ መኪናም ላቅርብልህ? እግርህን አንሣ አልኩህ!»

ግድግዳውንም ወለሉንም ምንጣፋችንንም አጠጣው። ጀሪካኑ ሲጋመስ ደከመውና በሩን ቆልፎብን ወጣ።

ከቲነር ጋር ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። የሚነድደው ፈሳሹ አይደለም፤ ከፈሳሹ የሚነሣው ትነት ነው። ትነቱም እንደ ጢስ ሽቅብ አይወጣም። ከአየር ይከብዳል፤ እንደ ውሃ ወለል ለወለል ይሄዳል፤ በበር ሥር ያልፋል። እሳት ያገኘ እንደሆነ እሳቱን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከበራችን ውጭ አራት ርምጃ ላይ ደግሞ የጠባቂዎቹ የከሰል ምድጃ አለ። ጎንበስ ብዬ በክፍተቱ አየሁት። ፍሙ ቀልቷል።

«ማንም ክብሪት እንዳይጭር» አልኩ። «ብርድ ልብስ አታራግፉ፤ ናይለን ብልጭታ አለው። ማንም አይተኛ። ክፍተቱን እንድፈነው።»

«ከደፈንነውማ እኛው እዚህ መታፈናችን አይደለም ወይ?» አሉ አዛውንቱ።

«እንታፈናለን አባባ። ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል። ካልደፈንነው ግን እንቃጠላለን።»

ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር። እዚህ ቅጠል ከየት ይመጣል፤ በጋቢ ይሁን።»

የምንጠጣውን ውሃ ጋቢው ላይ ደፍተን ክፍተቱ ውስጥ ጠቀጠቅነው። አዛውንቱን ተሸክመን አየር እንዲያገኙ ወደ መስኮቱ አነሣናቸው። እኔ በሩን በመዳፌ መደብደብ ጀመርኩ። አንዱ ጣሳ ቢያቀብለኝ መለስኩለት፤ ብረት ከብረት ሲጋጭ እሳት ይተፋል።

መርማሪው መጣ። «ምንድን ነው ጩኸቱ?»

«ምድጃውን ያስወጡልን። ሲጋራም እንዳያቀጣጥሉ።»

«ለትኋን የመጣ መድኃኒት አንተን አስፈራህ?»

«ትነቱ ፍሙ ጋ ከደረሰ ይቀጣጠላል። አሥራ አንድ ሰው ነን እዚህ።»

«አሥራ አንድ ትኋን» አለ። ጠባቂው ሳቀለት።

አሥራ አንድ ሰው ምኑም እንዳልሆነ ሲገባኝ ሌላ መንገድ ያዝኩ። «እሳቱ የሚነሣው ከእርስዎ በኩል ነው» አልኩት። «አሁን የቆሙት ትነቱ ላይ ነው። መጀመሪያ የሚይዘው ሱሪዎን ነው።»

ወዲያው የጫማ ሩጫ ሰማሁ። ምድጃውን ከነማንቆርቆሪያው አንጠልጥሎ ግቢውን ሲያቋርጥ አዛውንቱ በመስኮቱ አዩት።

«ልጄ» አሉኝ ከላይ ሆነው፣ «ጀግናው ሻይ ተደፋበት።»

እያስታወክን ሳቅን። በሩን የከፈቱልን ከቀትር በኋላ ነው። ጎብኚው አልመጣም።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ፤ ጠረጴዛው ላይ የቃሌን ወረቀትና የአሻራ ቀለም አቅርቧል። «አውራ ጣትህን» አለ። ማይም ነው ብሎ ጽፎኛል። እስከ አርባ ዓመቴ እውነት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ከጎልማሶች ጋር ነው፤ ማንም ሳይረዳኝ መጀመሪያ ያነበብኩትም የቲነር ቆርቆሮ ላይ ያለውን «ከእሳት ያርቁ» የሚለውን ነው።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ» አልኩት።

ሳቀና ወረወረልኝ። ወረቀቱ «ሃያ ሊትር ፈንጂ» ይላል። እሱ ስልኩን ሲነካካ እኔ ከሥሩ ጻፍኩ። ፊደሌ ትልልቅ ነው፤ አልቸኮልኩም። «ይህ ቲነር ነው። እሳት አጠገብ አይቀመጥም። ግማሹን ትናንት ሰው በተቆለፈበት ክፍል ለትኋን ደፍታችሁታል። አሥራ አንድ ምስክር አለ።» ፈረምኩ። ሳያነበው አጥፎ መዝገቡ ውስጥ ከተተው። ማይም ምን ይጽፋል ብሎ።

ጉዳዩ ችሎት ሲቀርብ ዳኛው ግን አነበቡት፤ ያውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ጀሪካኑ ይቅረብ አሉ፤ ቀረበ። «ሃያ ሊትር ፈንጂ ነበር የተባለው። ሌላው የት ገባ?»

«ለጽዳት ውሏል፣ ክቡር ፍርድ ቤት» አለ መርማሪው።

ችሎቱ ውስጥ ሳቅ ሲነሣ እሱም አብሮ ፈገግ አለ። በምን እንደተሳቀ አልገባውም።

አዛውንቱ ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ያን ቀን የያዛቸው ሳል እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም፤ ይቅርታ ያላቸውም የለም። እኔ ወደ ቀለሜ ተመለስኩ። የቲነሩን ክዳን አጥብቄ እዘጋለሁ፤ ቲነር የነካ ጨርቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከደጅ አኖራለሁ፤ ሲጋራ የያዘ ደንበኛ፣ ባለሥልጣንም ቢሆን፣ ከደፍ አያልፍም። መርማሪው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ምንም እንዳልሆነ ሰላም ይለኛል። ቲነር እንኳ ምን እንደሆነ ቆርቆሮው ላይ ተጽፎበታል።

መዝገቡ ተዘግቶ በነፃ የተለቀቅሁት ሰኔ 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት ነው።