ዝርዝር የለንም

በደርግ ዘመን መንግሥት አስተያየቴን የጠየቀኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስፈራ ከረምኩ።

ወረቀቱን የቀበሌያችን በር ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። ሰው አሰማርተው በየቤቱ ዕቃ የሚያስሸጡ ነጋዴዎች ሊተዳደሩበት ስለታሰበ መመሪያ ነው። ገና ረቂቅ ስለሆነ እሁድ ተሰብስበን እንድንወያይበት ይጋብዛል። ያኔ እኛ የምናውቀው አልቆ የሚመጣ መመሪያ ነው፤ ተወያዩበት መባሉ ራሱ አላማረኝም። እኔ ጠርጣራ ነኝ። አባቴም ባቡር ጣቢያ ሲሠራ ኖሮ ፉጨቱን እየሰማ እንኳ፣ ወጥቶ በዓይኑ ካላየ ባቡር ገባ የማይል ሰው ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን ሁለቴ አነበብኩት።

አዲስ ሻጭ ስትመጣ ምን ልታተርፍ እንደምትችል እውነቱ ይነገራት ይላል። ገንዘቧን ከመክፈሏ በፊት ሰባት ቀን ታስብበት ይላል። ከዚያ ደግሞ ከእሷ በፊት የሠሩ ሴቶች ስም ዝርዝር ይሰጣት፣ ሄዳም ትጠይቃቸው፤ የዝርዝሩ አንድ ቅጂ ለቀበሌው ይግባ ይላል። እውነቱንም ሰባቱን ቀንም ዘለልኳቸው። ዓይኔ ዝርዝሩ ላይ ተተከለ።

በዚያ ዘመን ስም በዝርዝር ሲጻፍ ምን እንደሚከተል የማያውቅ ቤት አልነበረም። በእኔ ሥር ዐሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። የሚሸጡት ሻሽ፣ ሽቶና ድሪያ ቀሚስ በየት በኩል ድሬዳዋ እንደገባ እኔ ጅምላ ነጋዴውን አልጠይቅም፤ እነሱም እኔን አይጠይቁኝም። ስማቸው ቀበሌ ከገባ ግን ጠያቂው ሌላ ሰው ይሆናል። አንዷ ብትታሰር ልጆቿን ማን ያበላል ብዬ ከልቤ ፈራሁ። ለንግዴም ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም።

አሠራሬ ቀላል ነበር። መጋላ ገበያ ሄጄ በጅምላ እገዛለሁ፤ እየለየሁ በጨርቅ እቋጥራለሁ። ሴቶቹ ጥቅላቸውን በአናታቸው ተሸክመው፣ ፀሐይ ሳትከር ከዚራ ሰፈር ገብተው በየበሩ ያንኳኳሉ። አዲስ የምትመጣ ሴት የመጀመሪያውን ጥቅል በራሷ ገንዘብ ትገዛለች። አልሸጥ ካላት የራሷ ጉዳይ ነው፤ እኔ አልመልስም። ስታመነታ የምነግራት አንድ ወሬ ነበረኝ። «ከእኔ ጋር የጀመረችው የመጀመሪያዋ ሴት ዛሬ ገንደ ቆሬ ሰፈር ባለ ሁለት ክፍል ቤት ሠርታለች» እላታለሁ። ይህን ሰምታ የመቀነቷን ጫፍ ያልፈታች ሴት አላስታውስም።

ወረቀቱ ለእኛ ተብሎ የተጻፈ መሰለኝ፤ አንብቤ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው፣ የእኛን ነገር ለቀበሌ ማን እንዳቀበለ ነው። ዞሬ ዞሬ አዲሷ ሻጬ ላይ ወደቅሁ። ባሏ የሞተባት፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የምትመጣ ሴት ናት። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ውስጥ ነው። ጥያቄ ታበዛለች። «አንቺ፣ ሌሎቹ በወር ስንት ጥቅል ይጨርሳሉ?» ትለኛለች። ሻጭ ይህን ምን ያደርግላታል? ጥርስ ነከስኩባት።

ለሴቶቹ ሁሉ አንዷ ለአንዷ እንድታደርስ የቃል መልእክት ላክሁ። ነገር እንዳይበዛ ብዬ አሳጠርኩት። «ዝርዝር የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ፣ የለንም በሉ።»

ከዚያ ሽያጩ ቀጥ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዲት ሴት እንኳ ሌላ ጥቅል ልትወስድ አልመጣችም። አደሙብኝ አልኩ። ያሳደመቻቸውም ያቺው ናት አልኩ። በአራተኛው ቀን ራሷ መጣች፤ ጥቅሏን እንደተሸከመች ላብ በላብ ሆናለች።

«አቦ ምን አርገንሽ ነው?» አለችኝ። «ደንበኛ ትልቅ ብር ይሰጠናል፣ መልስ ይፈልጋል። ዝርዝር የለንም እንላለን። ኪሳችን ውስጥ እያለ! ብሩን ተቀብሎ በሩን ይዘጋብናል። ዝርዝርን ለምን ከለከልሽን?»

እስኪገባኝ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዐሥራ አንዱ ስምንቱ እቤታቸው አማርኛ አያወሩም። እነሱ ዘንድ ዝርዝር ማለት ሳንቲም ነው፤ የስም ዝርዝር የሚባል ነገር ከየት ያውቃሉ? ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እኔ ግን መልእክቴን ለሌሎቹ እንዲህ አጣማ የተረጎመችላቸው አውቃ ይሆን ብዬ ፊቷን አጠናሁ። ጠርጣራ ሰው ሥራ አይፈታም።

እሁድ ጠዋት ቀበሌው ግቢ፣ ኒም ዛፍ ሥር ተሰበሰብን። ሊቀመንበሩ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወረቀቱን አነበበልን። አስተያየት ሲል እጄን አወጣሁ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሰው ስም ተራ ነገር አይደለም» አልኩ። «የማንንም ስም በወረቀት አልሰጥም። ከፈለጋችሁ የእኔን ያዙ።»

ሴቶቹ ወደዱልኝ፤ ሲንሾካሾኩ ሰማኋቸው። ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ወዲያው አዲሷ ተነሳች። ይኸው፣ ልትናገር ነው አልኩ በሆዴ።

«እሷ ልክ ናት» አለች። «የእኛን ስም ተዉት፤ ወላሂ እኔም እፈራለሁ። ያቺን ሰባት ቀን ግን እንዳትሰርዟት። ለእኔ ሰባት ቀን ቢሰጠኝ ኖሮ ገንዘቤን ሳልከፍል ሄጄ እጠይቅ ነበር። ስም ካስፈለገም አንድ ይበቃል። ገንደ ቆሬ ቤት የሠራችው ሴት። ሁለት ቀን በእግሬ ሄጄ ፈለግኳት። የሚያውቃት ሰው የለም።»

ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩኝ። ያንን ቤት እያንዳንዳቸው ከእኔ አፍ ሰምተውታል። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አነሳ። «ጥሩ» አለኝ፣ «ስሟ ማነው?»

ሳምንቱን ሙሉ ዐሥራ አንድ ስም ለመደበቅ ስዘጋጅ ከርሜ፣ የሌለኝን ስም ተጠየቅሁ። አፌ ላይ የመጣልኝን ስም መጥራት እችል ነበር፤ ውሸት አያቅተኝም። ሴትየዋ ግን ገና አልተቀመጠችም። ነጠላ ጫማዋ ተረከዙ ላይ አልቆ እግሯ መሬት ይነካል። ሁለት ቀን ስትፈልግ የተጫማችው እሱን ነው።

«የለችም» አልኩ።

ሊቀመንበሩ ከተማ ለቃ የሄደች መስሎት «እሺ፣ ስትመለስ ይሆናል» ብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። እሷ ግን ገባት። «ኢን ጂርቱ» ብላ በራሷ ቋንቋ ቀስ ብላ ደገመችውና ተቀመጠች። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

በማግስቱ ጥቅሏን አምጥታ ደጄ ላይ አስቀመጠች። የከፈለችውን መለስኩላት፤ ተቀብላኝ ሄደች። ነገሩን ለቀበሌ ያቀበለው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

መመሪያው ረቂቅ እንደሆነ ቀረ። ወረቀቱን በሩ ላይ ፀሐይ በላው፤ ስለ ዝርዝሩም ተመልሶ የጠየቀኝ የለም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አዲስ ሴት ስትመጣ የቤቱን ወሬ አላወራኋትም። ስንቶቹ ሥራውን በሦስተኛው ወር እንደሚተዉት እነግራትና፣ ሂጂ ሰባት ቀን አስቢበት እላታለሁ። አብዛኞቹ አልተመለሱም።