ከደረጃው በላይ ያለችው ልጅ

አባ ዝጋ የሚለውን ስም ያወጡለት የሰፈሩ ሾፌሮች ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ የመስፍኑን ግቢ በር የጠበቀ ሰው ነው፤ እንግዳ ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ እጁ ወደ መቀርቀሪያው ይሄዳል። "ቤቱ ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች አይተን ብንወጣስ?" ሲሉት፣ "ሥዕል ካማራችሁ ቤታችሁ ሄዳችሁ ሣሉ!" ይላቸው ነበር። ሥራው ነውና አይፈረድበትም።

የሚገርመው ግን፣ እሱም አንዱንም ሥዕል አላየም። የዘበኝነት ወሰኑ ከበሩ እስከ ደረጃው ድረስ ነው። ከደረጃው በላይ የሚወጣው ጫማው ያልቆሸሸ ሰው ነበር።

ይህን ለሚስቱ አልነገራትም። ትንሿ ልጃቸው በትኩሳት የሞተች ጊዜ፣ ሚስቱ እህል አልቀምስ፣ ከሰው አልነጋገር አለች። አንድ ማታ ጨነቀውና፣ "እዚያ ቤት አንዲት ልጅ የተሣለችበት ሥዕል አለ፤ ቁርጥ እሷን!" አላት።

ሚስቱ ቀና አለች። "ምን ለብሳለች?"

"ቢጫ ቀሚስ።"

ያን ማታ እራቷን በላች። ከዚያ ወዲያ እሱ ከሥራ በገባ ቁጥር ስለ ልጅቱ ትጠይቃለች፤ እሱም አንድ ቀን መልስ አጥቶ አያውቅም።

የፈሩት ይደርሳል ነውና፣ ሽማግሌው መስፍን ሲሞቱ ወራሾቹ ቤቱን ከነሥዕሎቹ ለሕዝብ ሊከፍቱት ወሰኑ። ሰፈሩ ሲደሰት አባ ዝጋ የቀሩትን ቀናት በጣቱ ይቆጥር ጀመር። በመክፈቻው ዕለት ሚስቱ ቀሚሷን ተኩሳ ጠበቀችው።

"ተነሣ እንጂ ሰውዬ! ልጄን አሳየኝ።"

ራሴን አመመኝ አለ፤ ወገቤን አለ። ማን ሰምቶት።

ገቡ። ፈረሶች አሉ፣ የጦር መርከቦች አሉ፣ አገጫቸውን ቀና ያደረጉ ባላባቶች ከነውሾቻቸው አሉ። አባ ዝጋ አንዲት ልጅ፣ የማንም ትሁን ብቻ፣ ባገኘሁ ብሎ ግድግዳውን በዓይኑ ይለቅመዋል። ይህ ሁሉ ውሻ ሲሣል አንዲት ልጅ እንዴት ትጠፋለች? የመጨረሻው ክፍል ውስጥ ያለው የፍራፍሬ ሳህን ሥዕል ብቻ ነበር።

አግዳሚ ወንበር ላይ ዘጭ አለ።

"እቴ፣ የለችም። ድሮም አልነበረችም። እኔ ከደረጃው አልፌ አላውቅም።"

ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠች። "አውቃለሁ" አለችው።

"ማን ነገረሽ?"

"አንተው ነሃ! መጀመሪያ የነገርከኝ ጊዜ የፊት ጥርሷ ወልቆ ነበር። ቆየት ብለህ በቀለላት አልከኝ። ከዚያ ቁመቷ ጨመረ። አምና ደግሞ ጸጉሯን እንደ ትልቅ ሰው ጠቅልላ አሰረች አልከኝ። አንተ ሰው፣ ሥዕል ያድጋል እንዴ?"

አባ ዝጋ አፈረ፤ ዓይኑንም በእጅጌው ጠረገ። ለካ ሳይታወቀው ልጁን ሲያሳድግ ኖሯል።

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን ጎትተሽ አመጣሽኝ?"

"ስትጠብቀው የኖርከውን ቤት አንተም እንድታየው ነዋ።"

መሐረቧን አውጥታ ሰጠችው። ጎብኚዎቹ የፍራፍሬውን ሳህን እያዩ በፊታቸው ያልፋሉ። እሷ ወደዚያ አልተመለከተችም፤ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

"ዛሬስ ምን ለብሳለች?" አለችው።